ጅማ ውስጥ ከስትሮክ በኋላ ዓይኑ ላስቸገረው ሰው፦ ይህችን ልጅ ያዙ

ከስትሮክ በኋላ እይታው የተዛባበት ዘመድ ያላችሁ የጅማ ሰዎች፣ አንዲት ባለሙያ ልጠቁማችሁ። ጽሁፉ ቢረዝምባችሁ ስልኳን በውስጥ መስመር ጠይቁኝና ሌላውን እለፉት።

እናቴ ስትሮክ ከመታት በኋላ እጇና እግሯ ቀስ በቀስ ተሻላት። ዓይኗ ግን ግራ አጋባን። ከበር መቃን ጋር ትጋጫለች። በግራዋ የተቀመጠ ጎረቤት ሰላም ሲላት ዝም ትላለች። አንዷማ «ኮራችብኝ» ብላ ተቀይማ ቀርታለች።

ያልረገጥነው ደጅ የለም። አንዱ ጋ መነጽር ታዘዘላት። ሌላው ጋ «ይሄ ልክ አይደለም» ተብሎ ሌላ መነጽር፣ ያውም ከፊተኛው የባሰ ውድ። ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «ዕድሜ ነው፣ ይለምዱታል» ብሎ የሸኘንም አለ። ስም አልጠራም፤ ፈጣሪ ይያቸው። ብሩ ያንገበግበኛል፤ ግን ብሩስ ይቅር። እናቴ «እያበድኩ ነው መሰለኝ» ማለት ጀምራ ነበር።

ልጅቷ ቤት ለቤት የምትሠራ ፊዚዮቴራፒስት ናት። የጠራናትም ለእናቴ እግር ነው። አንድ ከሰዓት ሥራዋን ጨርሳ ልትወጣ ስትል እናቴ «ቡና ሳትጠጪማ አትሄጂም» አለች። ጅማ ተቀምጦ ይሄን እምቢ ማለት የት አለ! እናቴ ራሴ ልቅዳ ብላ ጀበናውን አነሳች። በቀኝ ያሉትን ሲኒዎች ሞላች። የግራዎቹን ባዶ ትታ ጀበናውን አስቀመጠች። እኛ እንደለመድነው ልንሞላ ስንል ልጅቷ በእጇ «ቆዩ» አለችን። ረከቦቱን ቀስ አድርጋ ወደ ቀኝ ሳበችው።

«እማማ፣ አሁንስ ያልተቀዳ አለ?»

«ውይ በሞትኩት! እነዚህ ደግሞ ከየት መጡ?»

እኛ ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። ፊት ለፊቷ ተቀምጣ፣ አንድ አንድ ዓይኗን እያስሸፈነች፣ ጣቷን በየጎኑ አንቀሳቀሰች። በቀኝ ዓይኗም በግራ ዓይኗም ያው ነው፤ በግራ በኩል የመጣ ጣት አይታያትም።

«አላበዱም እማማ» አለቻት። «ዓይንዎ ደህና ነው። የተጎዳው ዓይን ያየውን የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ነው። ለዚህ ነው መነጽሩ ያልረዳዎት።» እናቴ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያቺን «አላበዱም» እስክሞት አልረሳትም።

የአንጎል ቀኝ ጎን ሲጎዳ ከሁለቱም ዓይን የግራው በኩል እንደሚጠፋ ነገረችኝ። ሌላም ብዙ አስረዳችኝ፤ ግማሹ አልገባኝም። ራሷ ወረቀት ጽፋ ወደ ዓይን ሐኪም ላከችን። የእይታ ስፋት በሚለካ መሣሪያ ሲታይ እሷ ያለችው ሆኖ ተገኘ።

ደግሞ አትዋሽም። «የጠፋው ሁሉ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባም» አለችን። በራሱ የሚመለሰው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው አለች። ከዚያ በኋላ ያለው ዓይንን ወደ ጠፋው ጎን እየላኩ መፈለግን መልመድ ነው። ሰፌድ ላይ ባቄላ በትና ከግራ ጠርዝ ጀምራ እንድትለቅም ታደርጋታለች። የጸሎት መጽሐፏ ላይ የመስመሩ መጀመሪያ ይጠፋት ነበር፤ በገጹ ግራ ጠርዝ ቀይ ክር አስቀመጠችላት። «ክሩን ሳያዩ ማንበብ አይጀምሩ።» በቃ፣ ይኸው ነው! እናቴ ዛሬ በራሷ ታነባለች። አንድ ሐሙስ ደግሞ ልጅቷ እናቴን ይዛት ሄርማታ ገበያ ወረደች። በዚያ ሁሉ ባጃጅ መሀል በግራዋ ቆማ፣ መንገዱን እናቴ ራሷ አይታ «አሁን እንሻገር» እስክትል ጠበቀቻት። እኔ ብሆን እጇን ጎትቼ አሻግራት ነበር።

ስለዚህ ደጋግሜ እላለሁ፣ ይህችን ልጅ ያዙ። እጇን ይባርከው። እይታ በድንገት ከጠፋ ወይም አፍ ከተጣመመ ግን እሷን አትጠብቁ፣ በቀጥታ ሆስፒታል ሩጡ። እሷ የምታስፈልጋችሁ ከዚያ በኋላ ነው። አጂፕም ጅሬንም ትመጣለች፤ ራቅ ካለ የባጃጅ ትጨምሩላታላችሁ። ቀን ታካሚ ቤት ስለምትሆን ስልክ አታነሳም፤ ማታ ደውሉላት።