ሳያኖታይፕ፣ ፕላቲነም ወይስ ጋም፦ የጠፈር ምስል በጥንታዊ ህትመት ለሚገዙ

ከዋጋው በፊት ምስሉ ላይ ያለውን ጥቁር ሰማይ ይመልከቱ። ጨረቃ፣ ጋላክሲና ኔቡላ (በጠፈር ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) አንድ ዓይነት ህትመት አይስማማቸውም።

የሦስቱም ዘዴ አነሳስ አንድ ነው። የሀብል ወይም የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ዲጂታል ምስል ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ እንዲሆን በኮምፒውተር ይገለበጥና ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ ኔጋቲቭ ሆኖ ይታተማል፤ ከዚያም ኬሚካል በብሩሽ በተቀባ ወረቀት ላይ ተነጥፎ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ይሰጠዋል። በህትመቱ ላይ ኮከብ ማለት ብርሃን ያልደረሰበት ባዶ ወረቀት ነው። ስለዚህ ኔጋቲቩ ላይ ያረፈች ብናኝም ኮከብ ሆና ትወጣለች። ግድግዳዬ ላይ ባለው ህትመት ለወራት ጅራታም ኮከብ ሲመስለኝ የኖረው ቀጭን ነጭ መስመር የብሩሽ ፀጉር ዱካ ሆኖ ተገኝቷል። አልመለስኩትም፤ እንዲያውም ወደድኩት።

ሰማያዊ ምስል የሚሰጠውን ሳያኖታይፕን እ.ኤ.አ. በ1842 የፈለሰፈው ጆን ኸርሸል ራሱ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር፤ አባቱም በ1781 ዩራነስን ያገኘው ዊልያም ኸርሸል ነው። የሚሠራው በብረት ጨው ሲሆን የሚታጠበውም በውኃ ስለሆነ ከሦስቱ ርካሹ እሱ ነው። ከዋክብት ለበዙበት ሰማይ ከሱ የተሻለ አላየሁም፤ ጥልቅ ሰማያዊው የሌሊትን ጥቁረት ሳያስመኝ ይተካዋል። ብርቱ ብርሃን ያደበዝዘዋል፤ ጨለማ ውስጥ ሲቆይ ግን አብዛኛው ቀለሙ ይመለሳል። ፍሬም ሲያሠሩ አልካላይን የተጨመረበት ካርቶን ከኋላው እንዳይገባ ያሳስቡ፤ ሰማያዊውን ይበላዋል።

ፕላቲነም-ፓላዲየም ውድ ነው፤ የከበረው ብረት ራሱ ወረቀቱ ቃጫ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀር ከሦስቱ የበለጠ ዕድሜ ያለው ግን እሱ ነው። ከነጭ እስከ ጥቁር ያሉትን ግራጫዎች አንድ በአንድ ስለሚያሳይ ለጨረቃ ተስማሚ ነው፤ የእሳተ ጎመራ አፍ የመሰሉት ጉድጓዶች ጥላ ሳይቀር ይለያል። ጥቁሩ ግን አንጸባራቂ ስላልሆነ ሰፊ ባዶ ሰማይ ጥቁር ግራጫ ይመስላል። ለዚያ ያን ያህል ገንዘብ አላወጣም።

በቀለም ለሚፈልጉ፣ ቀለም ከሙጫ ጋር ተደባልቆ የሚቀባበት ጋም ባይክሮሜት አለ። ቀለሙ በየንብርብሩ ተቀብቶ፣ ብርሃን ተሰጥቶትና ታጥቦ ይደራረባል። ለኔቡላ ደመና ውብ ነው። የዌብ ምስሎች ከኢንፍራሬድ ብርሃን የተገኙና ቀለማቸው በኋላ የተሰጣቸው ስለሆኑ ሠዓሊው የራሱን ቀለም ቢመርጥ አይወቀስም። ነገር ግን ትንንሾቹን ከዋክብት ይመርምሩ፤ ንብርብሮቹ በትክክል ካልገጠሙ እያንዳንዱ ኮከብ ቀይና ሰማያዊ ጠርዝ ያወጣል።

በመጨረሻ አጉሊ መነጽር ይያዙ። በተራ ማተሚያ ሰማያዊ ቀለም የታተመ ወረቀት ሳያኖታይፕ ተብሎ ሊሸጥልዎ ይችላል። ዳር ዳሩን ያለው የብሩሽ ዱካ በጥቃቅን የቀለም ነጥቦች የተሠራ ከሆነ ብሩሹም የታተመ ነው።