ሥጋ የማይገባበት ቤት፦ በሐይቅ ዳር ስላለ አንድ ዓሣ ቤት

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ ሐይቅ ከተማ ይደርሳሉ። ከከተማዋ ወደ ውኃው ዳር በሚወርደው መንገድ አጠገብ፣ በሩ ላይ አንድም ጽሑፍ የሌለበት፣ አምስት ጠረጴዛ ብቻ የያዘ ዓሣ ቤት አለ። ደንበኞቹ በባለቤቷ መጠሪያ «እትዬ ጋ እንሂድ» ይላሉ እንጂ ቤቱ ሌላ መጠሪያ የለውም። ወደ ደሴ በሥራ ከተዛወርኩበት ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ፣ ቅዳሜ ሲመቸኝ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር የምመገበው እዚያ ስለሆነ፣ ጥሩውንም ጉድለቱንም ለመጻፍ በቂ ጊዜ አግኝቻለሁ ብዬ አምናለሁ።

ከምግቡ ልጀምር። የቤቱ ዋና ምግብ የቆሮሶ ጥብስ ነው። ዓሣው ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ ከታጠበ በኋላ ሁለቱም ጎኖቹ በቢላዋ በጥልቀት ይሸነተራሉ፤ ከዚያም ጨው ተነስንሶበት በፈላ ዘይት ውስጥ እስኪንኮሻኮሽ ይጠበሳል። የመሸንተሩ ጥቅም የሚገባው ሲበሉት ነው፤ ዘይቱ በስንጥቁ ገብቶ ቀጫጭኑን አጥንት ጭምር ስለሚያደርቀው፣ ሥጋው በጣት ሲነካ በቁራጭ በቁራጭ ይላቀቃል። ከሎሚ፣ ከቃሪያና እትዬ ራሳቸው ከሚያሹት አዋዜ ጋር ይቀርባል። አዋዜው ከበርበሬው ይልቅ ነጭ ሽንኩርቱ የሚያመዝን ሲሆን፣ ለእኔ ከዓሣው እኩል የሚያስመላልሰኝ እርሱ ነው። ጉላሹም መጥፎ አይደለም፤ ዱለቱ ግን ብዙ ጊዜ ስለሚደርቅ አላዝዘውም።

ይህ ቤት ከሌሎች ዓሣ ቤቶች የሚለየው ዓሣ በመሥራቱ ሳይሆን ሥጋ ፈጽሞ ባለማስገባቱ ነው። በአገራችን ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን እንደማይበላ ሁሉም ያውቃል። ልኳንዳ ቤቶች በራቸው ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ የሚስሉት ስለዚህ ነው፤ በወሎ ሁለቱ ምልክቶች በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ይታያሉ። የተቀላቀለ ቤተሰብ ደግሞ ለሠርግም ለተዝካርም ሁለት ጊዜ ያርዳል፣ ሁለት ድስት ይጥዳል። ዓሣ ግን እንደ በግና እንደ በሬ የማረጃ ጸሎት ስለማያስፈልገው ሁለቱም ከአንድ ትሪ ሊቆርሱት ይችላሉ። እትዬ ይህን እንደ ትልቅ ፍልስፍና አያቀርቡትም። በአንድ ወቅት ለምን ክትፎ እንኳ እንደማይጨምሩ ስጠይቃቸው፣ «ሥጋ ያስገባሁ ዕለት ከደንበኛዬ ግማሹ ይቀርብኛል» ብለው መለሱልኝ። መልሱ የነጋዴ መልስ ነው፤ እኔም ያመንኩት ስለዚህ ነው።

ዓሣም ቢሆን ከጥያቄ ነጻ አይደለም። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት የማይበሉ ኦርቶዶክሳውያን ብዙዎች ስለሆኑ፣ እትዬ አምባዛ ሲመጣ የሚጠብሱበት መጥበሻና ዘይት ለብቻው ነው። በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም በሚለው ላይም በምእመናን መካከል የቆየ ክርክር አለ። እርሳቸው ወደ ክርክሩ አይገቡም፤ በሁዳዴ ሽሮና ምስር ይጨምራሉ፣ የሚፈልግ ከዚያ ያዛል።

መጀመሪያ በሄድኩ ጊዜ እትዬ ከጠረጴዛው ራስ ቆመው የጠየቁኝ ጥያቄ፣ «ልጄ፣ አንተ ክርስቲያን ነህ እስላም?» የሚል ነበር። ያደግኩበት ከተማ እንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ፊት ለፊት አይጠየቅም። ከዚያም በላይ፣ የወንጌል አማኝ መሆኔን የሰሙ አንድ አከራይ፣ በሌላ ከተማ፣ ቤቱ ተይዟል ብለው መልሰውኝ ስለነበር ጥያቄው አስደነገጠኝ። በተቻለኝ መጠን ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ጴንጤ ነኝ» አልኳቸው። እርሳቸውም ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «እናንተ አምባዛ ትበላላችሁ አይደል?» ሲሉ ጠየቁኝ። የፈለጉት ይህንኑ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ጥያቄ አልሸሸውም፤ የማትበላውን የሚጠይቅህ ሰው ሊያበላህ የሚፈልግ ሰው እንደሆነ ገብቶኛልና።

አብረውኝ ከሚሄዱት አንዱ በልጅነቱ ዲቁና የተቀበለ ኦርቶዶክስ፣ ሌላው አባቱ መንዙማ አዋቂ የሆኑ ሙስሊም ነው። ትሪው ሲቀርብ አንዱ «ቢስሚላህ» ብሎ እጁን ይዘረጋል፣ ሁለተኛው በስመ አብ ብሎ ያማትባል፣ እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ እንደ ልማዴ ረዘም አድርጌ እጸልያለሁ። ሁለቱም በትዕግሥት ይጠብቁኛል፤ ሆኖም «ጴንጤው አሜን እስኪል ዓሣው ወደ ሐይቁ ይመለሳል» የምትለው ቀልድ በየሳምንቱ አትቀርም። እውነቱን ለመናገር ጸሎቴ አጠር ማለት ጀምሯል።

በደሴ የምካፈልበት ጉባኤ ትንሽ ነው፤ በፍቅር ተቀብሎኛል፣ አመሰግናለሁም። ነገር ግን እዚያ የምገናኘው ከራሴ ቢጤዎች ጋር ስለሆነ፣ እምነቴን ማስረዳት የሚያስፈልገኝም ሆነ በእምነቴ የምቀለድበት ቦታ ያገኘሁት በዚህ ቤት ነው።

በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ገቡ። በዚያ ሰሞን ቤቱ ቀን ቀን ዝም ይል ነበር። እኔ በቀትር ስሄድ እትዬ በጓዳ በኩል ምግብ አቅርበው፣ «አንተ ብላ፣ ያንተ ጾም አይደለም» ይሉኝ ነበር፤ በመብላቴ ፊቱን ያጠቆረብኝ ሰው አላየሁም። ያም ሆኖ ከሁለተኛው ቅዳሜ በኋላ እስከ ማግሪብ መቆየትን መረጥኩ። ቅድስና አይደለም፤ ብቻዬን መብላት አልሆነልኝም። አዛን ሲሰማ ቴምርና ምስር የገባበት ሳምቡሳ ይቀርባል፤ ቅቤም ሥጋም ስለሌለበት ዲያቆኑም ከዚያው ያነሳል።

ስለ ወሎ ደግነት ብዙ ይነገራል፣ ንግግሩ ግን አንዳንዴ ከልክ በላይ ይጣፍጣል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ ባካሄዱት ጉባኤ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲቀበሉ መገደዳቸውን፣ ኢማም መሐመድ አሊም ተጠምቀው ኋላ ንጉሥ ሚካኤል መባላቸውን ሙስሊሙ ጓደኛዬ ያጫወተኝ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዲያቆኑ ታሪኩን አልካደም፣ አላለሳለሰውምም። በመስኮቱ በኩል አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ደን ይታየናል፤ ያንን እያየን ይህን መነጋገር መቻላችን ከዓሣው ዋጋ በላይ ነው። እትዬ፣ እናታቸው ክርስቲያን፣ አባታቸው ሙስሊም፣ አንድ ወንድማቸው ሐጂ ሲሆኑ፣ ራሳቸው ማተብ አስረዋል። ወደ ገዳሙ ሴት ስለማትገባ ደጁን ብቻ ተሳልመው እንደሚመለሱ ሲናገሩም ቅሬታ የለባቸውም።

አንድ ቅዳሜ፣ ደብተር የያዙ ሽማግሌ የወሩን የቅሬ መዋጮ ለመሰብሰብ ገቡ። ለማያውቅ አንባቢ፣ ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ በዚህ አካባቢ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ መዝገብ ይይዛል። ሽማግሌው ሙስሊም ናቸው። ደሴ እንደምኖርና ቅሬ እንዳልያዝኩ ሲሰሙ በእውነት ተቆጡ፦ «ሰው አገር ላይ ያለ ቅሬ ይኖራል እንዴ? ብትሞት ማን ያነሳሃል?» በወሩ በሰፈሬ ተመዘገብኩ። ጸሐፊው ስሜንና የቤቴን ቁጥር ከጻፉ በኋላ፣ «የናንተ መቃብር የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በብዙ ቦታ ለወንጌል አማኞች የመቃብር ቦታ ማግኘት ቀላል ስላልሆነ ነገሩ ቆረቆረኝ፤ እርሳቸው ግን የነገርኳቸውን ቦታ ከስሜ ትይዩ ጽፈው፣ «ያን ቀን ሲጨነቁ እንዳይውሉ ነው» አሉ። የእትዬ የአምባዛ ጥያቄ ትዝ አለኝ።

ወደ ቤቱ ልመለስና ጉድለቱንም ልናገር። ከታዘዘ በኋላ ዓሣው እስኪደርስ ከ40 ደቂቃ በታች ጠብቄ አላውቅም። የዋጋ ዝርዝር የለም፤ እንደ ዓሣው መጠን በቃል ይነገራል፣ ስለዚህ ከመጠበሱ በፊት ዓሣውን አይቶ ዋጋውን መጠየቅ ይበጃል። የእጅ መታጠቢያው ጀሪካን ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፤ መጸዳጃ ቤትን በሚመለከት፣ ከተማ ውስጥ ተጠቅመው ቢወርዱ ይሻላል። ዝንቡ በክረምት ይበዛል። ቡናው ግን በደንብ ተወቅጦ ከአቦል እስከ በረካ ይፈላል፤ ከመጠጣቱ በፊት ከተቀመጡት አንጋፋው ዱአ ወይም ምርቃት ያደርጋሉ፣ የማን ሃይማኖት ተራ እንደሆነ የሚቆጥር የለም።

ቅዳሜ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ይድረሱ፤ ከዚያ በኋላ ትልልቁ ቆሮሶ ያልቃል። ልብስዎን ማበላሸት ካልፈለጉ ሶፍት ይያዙ፣ አዋዜውንም መጀመሪያ በትንሹ ይቅመሱ። እትዬ ሲጠይቁዎት ደግሞ የሚጾሙትንና የማይበሉትን ሳያፍሩ ይንገሯቸው፤ መጥበሻውን የሚመርጡት በዚያ ነው።