ዶሮ የሌለበት «ዶሮ» እና የናጋታ ፍርፍር

ጃፓን፣ ኮቤ ከተማ ከመጣሁ ሰባተኛ ወሬ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የኖርኩት በሩዝና በእንቁላል ነው። ምግብ ጠፍቶ አይደለም፣ ፈርቼ ነው። ሾርባው ውስጥ ዓሣ አለ። ሥጋው አሳማ ይሁን በሬ ማንበብ አልችልም። ደግሞ ሁሉም ነገር ይጣፍጣል፣ ማለቴ ስኳር አለበት። ወጥ ውስጥ ስኳር! እናቴ ብታይ ታማትባለች።

ከዚህ ፍርሃት ያወጣችኝ ናጋታ የሚባል የኮቤ ሰፈር ውስጥ ያለች ስምንት ወንበር ያላት ምግብ ቤት ናት። ስሟን አልጽፍም፤ የማማትም ነገር ስላለኝ። ከከተማው መሃል ከሳንኖሚያ በባቡር አሥር ደቂቃ ገደማ ሄዳችሁ ሺን-ናጋታ ትወርዳላችሁ። ጣቢያው አጠገብ ቡጢውን የሰነዘረ ግዙፍ የብረት ሮቦት ሐውልት ቆሟል። እሱን አልፋችሁ ወደ ገበያው ግቡና አፍንጫችሁን ተከተሉ።

ቤቷ ውስጥ ጠረጴዛ የሚባል ነገር የለም። አንድ ረጅም የብረት ምጣድ አለ፣ ሰው ዙሪያውን ይቀመጣል። ከምጣዱ ጀርባ ሰባዎቹን የተሻገሩ የሚመስሉ ሴትዮ ቆመዋል። ሁሉም «ኦባቻን» ይላቸዋል፣ እኛ «እትዬ» እንደምንለው። እኔን «ኒይቻን» ነው የሚሉኝ፣ ወንድሜ እንደማለት። ቋንቋ ትምህርት ቤት ያጠናሁት የአክብሮት ጃፓንኛ እዚህ ምንም አልሠራም። አመሰግናለሁ እንኳ በዚህ አገር ቋንቋ «ኦኪኒ» ነው።

የመጀመሪያ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ኦባቻን አንድ ነገር ጠየቁኝ። ከጥያቄው ውስጥ የሰማኋት ቃል አንዲት ብቻ ናት፦ «ዶሮ»። ከፋሲካ ጀምሮ ዶሮ ወጥ ያልቀመሰ ሰው ምን ይላል? «ሃይ! ሃይ!» አልኩ፣ አዎ አዎ ማለት ነው። የመጣው ጠርሙስ ነው። ጥቁር፣ ወፍራም ሶስ። ለካ ዶሮ በእነሱ ቋንቋ ጭቃ ነው። ሶሱ ሲጠል በርሜሉ ሥር የሚዘቅጠው፣ ቅመሙ የተጠራቀመበት ክፍል ነው። በአጭሩ የሶስ አተላ። ግን ያቃጥላል! ጃፓን ከገባሁ ምላሴን የቆነጠጠኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። ሚጥሚጣ አይደለም፣ አንዋሽ። ቢሆንም ዓይኔ ትንሽ እንባ አቀረረ።

የሚታዘዘው ሶባሜሺ ነው። ኦባቻን የተከተፈ ጥቅል ጎመን ምጣዱ ላይ ይበትናሉ፣ ኑድል ይጨምራሉ። ከዚያ «ቦካኬ» የሚባለውን በጭልፋ ይገለብጡበታል። ቦካኬ የበሬ ጅማት ነው፣ ኮንያኩ ከሚባል ከሥር ከሚሠራ እንደ ጎማ ከሚለጠጥ ነገር ጋር ሲንተከተክ የዋለ። በመጨረሻ ቀዝቃዛ ሩዝ ይጨመራል። አሁን ሁለት ሰፋፊ የብረት ማገላበጫ ያነሳሉ። ስሙን ስጠይቅ «ኮቴ» አሉኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ዶሮው ጭቃ፣ ኮቴው ብረት የሆነበት አገር! በሁለቱ ኮቴ ኑድሉ የሩዝ ፍሬ እስኪያክል ይከትፉታል። ታክ ታክ ታክ። ዓይኔን ብጨፍን ክትፎ ቤት በር ላይ የቆምኩ ነው የሚመስለኝ።

ሲቀርብ ደግሞ ፍርፍር ነው። በቃ፣ ሌላ ስም የለውም። ፍርፍር ያደረ እንጀራ ልጅ አይደል? ይሄም የቀዘቀዘ ሩዝ ልጅ ነው። ናጋታ የጫማ ፋብሪካ ሰፈር ነበር። እንደሚባለው ሠራተኞቹ ምሳ ዕቃቸው ውስጥ የቀዘቀዘውን ሩዝ ይዘው እንዲህ ያለ ቤት ይመጡና «ከኑድሉ ጋር አብረሽ አሙቂልኝ» ይሉ ነበር። ሰፈሩ ያኔ የነበረውን አይመስልም። በ1995 በፈረንጆች፣ በእኛ ጥር 9 ቀን 1987 ዓ.ም፣ ሊነጋጋ ሲል መሬት ተንቀጠቀጠ። ከ6 ሺህ በላይ ሰው ሞተ። ናጋታን ደግሞ እሳት በላው። ኦባቻን ስለዚያ ቀን ብዙ አያወሩም። «ምጣዱ ከዚያ በፊት የነበረው ነው» ብቻ አሉኝ አንዴ፣ እየፈተጉት።

ሰሃን አይሰጥም። ከምጣዱ ላይ በትንሽ ኮቴ እየዛቁ መብላት ነው። ጉርሻ የለም፣ ሁሉም የራሱን ድርሻ ከፊቱ ይጠርጋል። የሚገርመው አብሮ መብላቱ ግን አለ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። «ኢትዮጵያ» ስላቸው ማንኪያ የሚያክለውን ኮቴ አስቀምጠው «አበበ!» አሉ። ቶኪዮ 1964ን ጠብቄ ነበር፣ ሌላው ሰው ሁሉ የሚነግረኝ እሱን ነውና። እሳቸው ግን ጫማ ሠሪ ነበሩ። የነገሩኝ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ስላሸነፈው አበበ ነው። በፈረንጆች 1961 ለማራቶን ኦሳካ ሲመጣ ኦኒትሱካ የሚባለው የኮቤ ጫማ ሠሪ ሆቴሉ ድረስ ሄዶ ጫማዬን አድርግ ብሎ አሳመነው። አበበም በዚያ ጫማ ሮጦ አሸነፈ። ኦባቻን ይህን እየሰሙ የተጠበሰ ጎመን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። «ሳቢሱ» አሉ። በነፃ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሐሜቱ። የምግብ ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የእጅ ጽሕፈት ነው፣ ፎቶ የለውም፣ የስልክ ተርጓሚም ያቅተዋል። ካርድ አይሠራም። ሲጋራ ይጨሳል። ጃኬቴ እስከ ማግስቱ ሶስ ሶስ ይሸት ነበር፣ ባቡር ውስጥ አጠገቤ የነበረች ልጅ ዞር አለች። ቦካኬው ለእኔ አሁንም ይጣፍጣል፤ ያለ ጭቃው አልጨርሰውም። ትልቁ ነገር ግን አሳማ ነው። ካላስጠነቀቃችሁ ከላይ ጣል ሊደረግበት ይችላል፣ እኔ ላይ አንዴ ደርሷል። «ቡታ ኑኪ» በሉ፣ አሳማ ይቅር ማለት ነው። ይህም ቢሆን ምጣዱ ለሁሉም አንድ ነው። ሙስሊም ጓደኛዬ ገብቶ አይቶ ወጣ፣ ልክ ነው። ሳንኖሚያ ወዳለው፣ በፈረንጆች 1935 ወደተከፈተው የጃፓን የመጀመሪያ መስጊድ ሰፈር ብትሄዱ ሐላል ምግብ ታገኛላችሁ።

ለጾመኛም አትሆንም። ከላይ የሚበተነው እንደ ወረቀት የሳሳ ነገር የደረቀ ዓሣ ነው፣ በእንፋሎቱ ይወዛወዛል። መጀመሪያ ቀን ነፍስ ያለው መስሎኝ እጄን ሰብስቤ ነበር።

የከፈልኩት 950 የን ነው፣ ለሆድ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ከ6 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ አለዚያ ውጭ ቆማችሁ ነው የምትጠብቁት። ረቡዕ ዝግ ናት። ለእኔ ይህ ጥሩ ነው፤ የከበደኝ ዓርብ ነው።