ገመድ የሚነክስ ፑሊ፦ ቲታኒየም ልግዛ ወይስ አሉሚኒየም?

ደብረ ዳሞ የወጣ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። 15 ሜትር ያህል ገደል ነው። ሰውም ስንቅም በገመድ ይሳባል፤ ክንዴ ዛለ ብሎ መልቀቅ የለም። ገመድ የሚነክስ ፑሊ የሚያቃልለው ይህንን ጭንቅ ነው። ስትስቡት ገመዱ ይሄዳል፤ ስትለቁት ባለጥርሱ ምላስ ንክስ አድርጎ ይይዘዋል።

ቲታኒየም ቀላል ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ከብረት አንጻር እውነት ነው። ከአሉሚኒየም ጋር ሲተያይ ግን ይከብዳል፦ አንድ ሴንቲ ሜትር ኪዩብ ቲታኒየም 4.5 ግራም ነው፣ አሉሚኒየም 2.7። ክብደት የሚቀንሰው ጠንካራ ስለሆነ ሳሳ አድርገው ሲሠሩት ብቻ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ጨው አለመፍራቱ ነው። ታይላንድ ራይሌይ የባሕር ዳርቻ ላይ የማይዝግ የሚባለው ብረት እንኳ እየተሰነጠቀ ስላስቸገረ፣ ዓለቱ ላይ የሚተከለውን መያዣ በቲታኒየም መተካት ግድ ሆኗል። ባሕር አጠገብ የምትወጡ ከሆነ ጭማሪውን ክፈሉ። ደጋ ላይ ለምትወጡ ግን ገንዘባችሁን ለጥሩ ኩሽኔታ አውሉት።

ኩሽኔታው ለምን? 60 ኪሎ ቦርሳ ቀጥታ ስትስቡ፣ 91 በመቶ ብቃት ያለው ፑሊ 66 ኪሎ ገደማ ጉልበት ይጠይቃችኋል። ገመዱን ያለ ፑሊ በካራቢነር (ተከፍቶ በሚዘጋ የብረት ቀለበት) ብቻ ብታሳልፉት ግማሹ ጉልበት በፍትጊያ ሊባክን ይችላል፤ ያኔ 120 ኪሎ እንደ መሳብ ነው።

ከአሉሚኒየሞቹ መካከል ፔትዝል የተባለው አምራች የሚሠራው ማይክሮ ትራክሲዮን 85 ግራም ነው፣ ብቃቱም ይኸው 91 በመቶ፣ ከ8 እስከ 11 ሚሊ ሜትር ገመድ ይይዛል። ምላሱን ከፍታችሁ ብትቆልፉት ተራ ፑሊ ይሆናል። የዚያው አምራች ናኖ ትራክሲዮን 53 ግራም ብቻ ነው፤ ምላሱ ግን ተከፍቶ አይቆለፍም። የሌላው አምራች የኤደልሪድ ስፖክ 60 ግራም ገደማ ሆኖ ይቆለፋል። ለእኔ ሚዛኑን የደፋው ይኼ ነው። የፔትዝል ፕሮ ትራክሲዮን 265 ግራም፣ ብቃቱ 95 በመቶ፤ ትልልቅ የገደል ግድግዳ ላይ ለቀናት ከባድ ቦርሳ ለሚጎትት እንጂ ለሌላው ሸክም ነው።

የገመዳችሁን ውፍረት ሳታውቁ አትግዙ። አንዴ ጭቃ የነካው ገመድ ስስብ፣ ጥርሶቹ መሃል አፈር ገብቶ ምላሱ ወዲያው አልያዘልኝም። አንድ ስንዝር ያህል ሸርተት ካለ በኋላ ነው የነከሰው። ልቤ ዘሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁሌ በጥርስ ብሩሽ አጸዳዋለሁ፤ ቆሻሻው እንዲወጣ ተብሎ ጥርሶቹ መሃል ቀዳዳ ያላቸውንም እመርጣለሁ።

ሌላው ከባድ ነገር ድንገተኛ ንጥቂያ ነው። ገመዱ ላልቶ ሰው ከወደቀበት፣ 4 ኪሎ ኒውተን (የ400 ኪሎ ክብደት ያህል) አካባቢ ላይ ጥርሶቹ የገመዱን ሽፋን ሊገፍፉት ይችላሉ። ስለዚህ ሰው ስትስቡ ገመዱ አይላላ፣ ከፑሊው ኋላም በየተወሰነ ርቀቱ ቋጠሮ እየቋጠራችሁ ሂዱ። ቲታኒየምም ሆነ አሉሚኒየም፣ ያ ጥርስ ያው ነው።