በጋዝ የሚነድ ባለ 45 ሚሊ ሜትር የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ፦ የ11 ወራት ልምድ

ይህን 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ የሚሄድ ትንሽ ሞዴል ሎኮሞቲቭ የገዛሁት ባለፈው መስከረም ሲሆን እስከ ዛሬ ድረስ 47 ጊዜ አንድጄዋለሁ፤ ቁጥሩን በእርግጠኝነት የምናገረው እያንዳንዱን ጉዞ በደብተር ስለምመዘግብ ነው። ዋጋው 1,450 ዩሮ፣ ክብደቱ 3 ኪሎ ገደማ ነው፤ 4 መንኮራኩርና 2 ሲሊንደር አለው። ባትሪም ሆነ የኤሌክትሪክ ሞተር የለውም፤ የቡቴን ጋዝ ውሃ የሚፈላበትን የመዳብ ቦይለር ያሞቃል፣ እንፋሎቱ ፒስተኖቹን ይገፋል፣ ፒስተኖቹ መንኮራኩሮቹን ያዞራሉ። የአምራቹን ስም የማልጠቅሰው ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ነገር በዚህ ልኬት ለሚሠሩ የጋዝ ሎኮሞቲቮች ሁሉ ስለሚያገለግል ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ እንፋሎቱን የሚመለከተው የማሽኑ ክፍል እጅግ የተዋጣለት ነው፤ ጋዙን የሚመለከተው ክፍል ግን ገንዘብ የተቆጠበበት ይመስላል።

45 ሚሊ ሜትሩን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 የሞዴል ባቡር አምራቹ ኤልጂቢ በኑርንበርግ ባወጣው የ1 ለ22.5 ልኬት ሲሰላ፣ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ባለ አንድ ሜትሩን ሐዲድ ይወክላል፤ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ መስመርም ባለ አንድ ሜትር ነበር። ለገሃር አካባቢ ላደገ ሰው ይህ ሒሳብ ብቻውን ኪስ ያስፈታል፤ ምንም እንኳ እኔ በልጅነቴ ያየሁት የናፍጣውን ባቡር ቢሆንም።

አንድ ጉዞ የሚጀምረው በዘይት ነው። የሚንቀሳቀሱትን መጋጠሚያዎች አንድ አንድ ጠብታ ካጠጣሁ በኋላ፣ ከሾፌሩ ክፍል ውስጥ ካለችው የዘይት ማጠራቀሚያ ያለፈውን ጉዞ ውሃ በሲሪንጅ ስቤ አወጣና 460 ደረጃ ባለው ወፍራም የእንፋሎት ዘይት እሞላታለሁ። ይህች ከአውራ ጣት የማትበልጥ ዕቃ ከማሽኑ ሁሉ አብልጣ ታስደንቀኛለች። ከቦይለሩ ከሚመጣው እንፋሎት ጥቂቱ ወደ ውስጧ ገብቶ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል፤ ውሃው ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጥና ዘይቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ የተገፋውም ዘይት ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሲሊንደሮቹ ይነዳል። ፓምፕ የለ፣ የሚዞር ነገር የለ። ተራ የሞተር ዘይት ግን ከእንፋሎት ጋር ተዋሕዶ ወተት መሰል ዝቃጭ ስለሚሆን እዚህ ቦታ አይገባም።

ቀጥሎ 120 ሚሊ ሊትር ተንኖ የተጣራ ውሃ፣ መካኒኮች የባትሪ ውሃ የሚሉትን ማለት ነው፣ እጨምራለሁ፤ የምኖርባት የጀርመን ከተማ የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያን በአንድ ወር ኖራ ያለብሳልና። በመጨረሻ ጋዝ ይሞላል። የጋዝ ታንኩ ከውሃው አንጻር ትንሽ የሆነው ሆነ ተብሎ ነው፦ ጋዙ ከውሃው በፊት ማለቅ አለበት፤ አለዚያ ባዶ ቦይለር በእሳት ላይ ይቀርና ብየዳው ይጎዳል። እሳቱ የሚለኮሰው በጭስ ማውጫው አፍ ላይ ነው፤ ነበልባሉ «ቡፍ» ብሎ ወደ ውስጥ ተመልሶ ጋዙ በሚነድበት በርነር ላይ ይቀመጣል። ከ8 ደቂቃ በኋላ ግፊቱ 2 ባር ይደርሳል፤ 3 ባር ላይ የደህንነት ቫልቩ ያፏጫል። መጀመሪያ ላይ እንፋሎቱ ቀዝቃዛዎቹን ሲሊንደሮች ሲያገኝ ውሃ ስለሚሆን ሎኮሞቲቩን በእጅ ወዲያና ወዲህ እየገፉ ማስተፋት ያስፈልጋል፤ የሚተፋው ደግሞ ዘይት የተቀላቀለበት ነውና ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጠጋት አይመከርም። ከዚያ በኋላ 25 ደቂቃ ያህል 3 ፉርጎ እየጎተተ ይሄዳል። ዝግጅቱና ማጽዳቱ በአማካይ 40 ደቂቃ እንደሚፈጅብኝ ደብተሬ ይመሰክራል።

ችግሬ ያለው ጋዙ ላይ ነው። ጋዙ የሚወጣባት የፀጉር ያህል የቀጠነች ቀዳዳ 3 ጊዜ ተደፍናብኛለች። በመርፌ መጎርጎር ቀዳዳዋን ስለሚያሰፋ ፈትቶ በተቃራኒ አቅጣጫ ንጹሕ ጋዝ መንፋት ይሻላል፤ ይህን ግን መመሪያው አንድ ቃል አይልም። የጋዝ መሙያው ቫልቭ በ4ኛው ወር ማፍሰስ ጀመረ። ሻጩ ዋጋዋ ከ2 ዩሮ የማይበልጥ የጎማ ቀለበት ለመላክ 6 ሳምንት ወሰደ፤ በነዚያ ሳምንታት እሳት አልለኮስኩም፤ ማንም እንዲለኩስ አልመክርም።

ብርዱ ሌላ ፈተና ነበር። ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ሲል መትነን ያቆማል፤ በዚያ ላይ ጋዝ ሲተን ታንኩን ራሱ ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ በጥር ወር እሳቱ በ10ኛው ደቂቃ እየደከመ ግፊቱ ከ1 ባር በታች ወረደ። 70 በመቶ ቡቴንና 30 በመቶ ፕሮፔን የተቀላቀለበትን የጋዝ ቆርቆሮ (ካርትሪጅ) መጠቀም ከጀመርኩ፣ ታንኩንም ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ መጠቅለል ከለመድኩ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል። ንጹሕ ፕሮፔን ግን ግፊቱ ለዚህ ታንክ ከልክ በላይ ነው።

ስለ ሐዲዱ ብዙ አልልም። በተከራየሁት የአትክልት ቦታ ያነጠፍኩት 18 ሜትር ቀለበት በ60 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ይታጠፋል፤ ሎኮሞቲቩም ያለ ቅሬታ ይዞርበታል። ዳገትና ቁልቁለት ግን አይወድም፤ የእንፋሎቱ መጠን አንዴ ከተከፈተ በኋላ ራሱን ስለማያስተካክል ዳገቱ ላይ ያቃስታል፣ ቁልቁለቱ ላይ ይጋልባል። አንድ ቀን ከመታጠፊያው ወጥቶ የጎረቤቴ ሰላጣ መሐል ተጋድሞ እያጨሰ አገኘሁት። ከጭረት በቀር አልተጎዳም፤ እኔም ሐዲዱን በውሃ ልክ አስተካከልኩ።

ከ47 ጉዞ በኋላ ሲሊንደሮቹ እንፋሎት አያሾልኩም፣ የመንኮራኩሮቹ መጋጠሚያዎች አልላሉም፣ ቦይለሩም እንከን የለበትም። የጭስ ማውጫው ቀለም ተቃጥሎ ቢላላጥም ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። ቁልፍ ተጭኖ ባቡር ሲዞር ማየት ለሚፈልግ ሰው አይሆንም፤ እጁ ዘይት ቢነካው ደስ ለሚለው ሰው ግን ዋጋው አይጸጽትም። ያገለገለ የሚገዛ ሰው የቦይለሩን የፍተሻ ወረቀት ይጠይቅ፤ ከዚያም የጋዝ መሙያውን በሳሙና ውሃ አርሶ አረፋ መሥራት አለመሥራቱን ራሱ ይመልከት።