ባሌ ተራሮች በእግር፦ ከዲንሾ ተነስቶ ሳነቴን ለመጨረሻ ማቆየት

ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስሙ ይበልጥ ገንኗል። አብዛኛው ጎብኚ ግን ከጎባ ወደ ደሎ መና በሚወስደው መንገድ በመኪና ሽቅብ ወጥቶ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። 4,377 ሜትር ላይ መቆም ደስ ይላል፤ ጫፉ ድረስ መኪና የሚገባበትና የአንቴና ማማ የተተከለበት ተራራ ግን የባሌ ምርጡ ቦታ አይደለም።

ሌላም ጣጣ አለው። በአንድ ቀን 4,000 ሜትር የወጣ ሰው ማታውን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊይዘው ይችላል፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 60 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ዲንሾ ማደር ነው። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ፣ በጥድና በኮሶው መሀል፣ የደጋ አጋዘንና ከርከሮ በቅርብ ይታያሉ። መንገድ መሪና ጭነት ፈረስም እዚያው ይገኛል። ዝናብ ልብስ፣ ውሃና ሹራብ ግን ፈረስ ላይ አይጫኑም፤ ፈረሱ ሲዘገይ ዶፍ ይመጣል።

ከዲንሾ በፊንጫ ሀበራ ፏፏቴ በኩል ወደ ወይብ ሸለቆ መዝለቅ የጉዞው እምብርት ነው። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በቀን፣ ብቻውን ነው፤ እሱን የሚሻ ሰው ዓይኑን ፍልፈሉ ላይ ይትከል። ትልቁ ፍልፈል ከጉድጓዱ እስከ ወገቡ ብቅ ይላል፣ ሣር ይነጫል፣ ወዲያው ይሰወራል። ቀበሮው ከአጠገቡ ደረቱን መሬት አስነክቶ ሲያደፍጥ ጸጥ ብሎ መቆም ነው። ውሻ ይዞ መግባት ፈጽሞ አይገባም፤ ቀበሮዎቹን ደጋግሞ የፈጃቸው ከውሻ የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ሸለቆው ውስጥ ከብት ስለሚሰማራ ውሃው ጥርት ብሎ ቢታይም ሳይጣራ ወይም ሳይፈላ አይጠጣም። ማጣሪያው ውስጡ ውሃውን የሚያጣሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ያሉት ከሆነ ሌሊት መኝታ ከረጢት ውስጥ ይግባ፤ አንዴ በረዶ ከያዘው ቱቦዎቹ ይሰነጠቃሉ፣ ከውጭ ግን አያስታውቅም። ብርዱ ቀልድ አይደለም፤ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት፣ ከዜሮ በታች ይወርዳል። እስከ 10 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚችል የመኝታ ከረጢት ያስፈልጋል። ንጹህ ቡቴን የሞላው የጋዝ ቆርቆሮ በዚያ ብርድ አይተንም፤ ፕሮፔን የተቀላቀለበት ይሻላል። ከፍተኛው አምባ ሳነቴ ላይ ውሃ 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ባቄላና ሽምብራ ነዳጅ ከመጨረስ በቀር አይበስሉም።

ጅብራ የበዛበትን ሳነቴን አቋርጦ ቁልቁል ወደ ሐረና ደን መውረድ ጥሩ መጨረሻ ነው፤ የአስታው ዛፍ ሽበት የለበሰ ይመስላል። በዚያ መንገድ የሚያልፍ መኪና ጥቂት ስለሆነ ግን የመመለሻውን መኪና ነገር ከመነሳት በፊት መጨረስ ይገባል።