ፋጉሎ ጋሪ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ጆንያውን ዘርግፉት

እጄ አሁንም ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ይህን የምጽፈው በገንዘቤ ለላሞቼ የገዛሁትን ፋጉሎ፣ ኑግ ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረውን መኖ፣ ጓሮዬ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሬ ከቀበርኩ በኋላ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ መኖ የሚሸጡትን ታውቋቸዋላችሁ። በር ላይ የተደረደረ ፉርሽካ፣ ጥግ ላይ ሚዛን፣ ከወንበሩ የማይነሳ ባለቤት፣ ሁለት ተሸካሚ ልጆች። ደረሰኝ ብትጠይቁ «ነገ ይምጡ» ነው። ድርቆሼ አልቆ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው ሄድኩ፤ ጾም ሲፈታ ወተት ፈላጊው ይበዛል፣ ላሞቼን ከወዲሁ ላበርታ ብዬ። ዋጋው ከሌላው ቤት በኩንታል 400 ብር ይቀንሳል። መጠርጠር የነበረብኝ እዚያ ላይ ነበር፤ እኔ ግን ዕድለኛ ነኝ አልኩ።

ሰውየው በር ላይ ከተፈታው ጆንያ አንድ ቁራጭ አንስቶ ሰበረልኝ። ጥቁር፣ ደረቅ፣ የኑግ ዘይት የሚሸት። ልጆቹ ግን ከውስጠኛው ክፍል ሌላ ሦስት ጆንያ አውጥተው ጋሪው ላይ ጫኑ። «እነዚህንም ልያቸው?» አልኩ። «እትዬ፣ በእኛ ብርድ ምን ይሻግታል?» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ! ፋጉሎው ተጨምቆ የመጣው ከቆላ ይሁን፣ ስንት ወር እርጥብ ወለል ላይ ይቀመጥ፣ አልጠየቅሁም።

ቤት ገብቼ ስፈታው ተያይዞ ጓል ሆኗል፤ አረንጓዴና ቢጫ ብናኝ ለብሷል። አላየሁም ብዬ አልዋሽም። አራግፌ አሰጣሁት፤ በነሐሴ ፀሐይ! ላሜ ቡሬ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ላም እንቢ ስትል ምክንያት እንዳላት ከልጅነቴ አውቃለሁ። ሆኖም አተላ ደፋሁበት፣ ጨው ነሰነስኩበት። በላችልኝ። ሰውየው እኔን አታለለ፣ እኔ ደግሞ ቡሬን።

ሳምንት ሳይሞላ ማመንዠግ ቀነሰች፤ 12 ሊትር የነበረው ወተቷ 5 ሆነ። የእንስሳት ሐኪሙ ጆንያውን ገልጦ ሲያይ ስለ ላሟ አልጠየቀኝም። «ወተቱን ማን እየጠጣው ነው?» አለ። የጎረቤቴ የሁለት ዓመት ልጅ ናት። አፍላቶክሲን የሚሉት የሻጋታ መርዝ ሻጋታው ቢራገፍም፣ መኖው ቢደርቅም አይለቅም፤ በላሟ አልፎ ወተት ውስጥ ይገባል፣ ማፍላትም አያጠፋውም። በ2008 ዓ.ም. በወጣ ጥናት የአዲስ አበባና የአካባቢዋ ወተት ተመርምሮ፣ ከ110 ናሙና ከአውሮፓ ገደብ ያላለፈው 9 ብቻ ነው፣ ዋናው ጠንቅም የኑግ ፋጉሎ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። የከተሜ ጣጣ ነው ብዬ አለፍኩት።

ዛሬ ጠዋት ጓሉን በፌስታል ይዤ ተመለስኩ። ሰውየው አላየውም፤ ስልኩን ነው የሚያየው። «ከእኛ ሲወጣ ደህና ነበር፣ እርስዎ ቤት ነው የሻገተው» አለ። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ደግሞስ እርስዎ አይደሉ የሚበሉት፣ ላሟ ናት።» ያን ጊዜ አንድ ቃል ቢወጣኝ ኖሮ! አንዱ ልጅ ፌስታሉን ከእጄ ተቀብሎ በር አሳየኝ። የተፈታው ጆንያ እዚያው በር ላይ ነው። አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ እያሸተተችው ነበር። ክንዷን ይዤ ወደ ውጭ ሳወጣት ያበድኩ መስሏት ይሆናል።

እናንተ የሚጫንላችሁን ጆንያ ሁሉ እስከ ታች አስዘርግፉ፣ ጓሉን ከመሃል ሰብራችሁ እዩ። ደረሰኝ አልሰጥም ካለ ውጡ። የሻገተ ካበላችሁም አቁማችሁ ሐኪም ጥሩ፤ እርሱ በቃ እስኪል ወተቱን ድፉት። እኔ እየደፋሁ ነው።

ቡሬ ዛሬ ከጎረቤት የተበደርኩላትን ድርቆሽ ቀመሰች። አተላ ሳቀርብላት ግን አሽትታ ፊቷን ታዞራለች።